ጎተራዋን ለማን ከፈተች?

  የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። መብራት ካለ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ቡና ከተፈላም አጠገባችሁ አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እንደምታውቁኝ የዲፕሎማ መምህር ነኝ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ይመላለሳል፣ ዛሬ ላውጣው።

አርበኛ ሲባል ምን ይታያችኋል? እኔ እንደማውቀው ለሁላችንም የሚታየን አንድ ፎቶ ነው። ጎፈሬው የቆመ፣ ጥይት በደረቱ ያጋደመ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ካሜራውን ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው። ጥሩ ፎቶ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያ ሰው ፎቶውን በተነሳበት ቀን ጠዋት ምን በላ? እህሉን ማን ዘራው፣ ማን ቆላው፣ ማን ፈጨው፣ ማን ጫካ ድረስ ተሸክሞ አደረሰለት? ያ ሁሉ ሰው ፎቶው ላይ የለም። መጽሐፉም ላይ እምብዛም የለም።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይህን ነገር በሒሳብ አደረግነው። ግምት ነው፣ ግን ግምቱ ራሱ ያስተምራል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶ ይብላ ብለን ተነሳን፣ ሌላ ምንም ሳይጨመር። 100 ሰው በቀን 50 ኪሎ ይበላል። ያ በየቀኑ አንድ አህያ የሚሸከመው ጭነት ማለት ነው። በወር 15 ኩንታል። ጠላት አገራችን ላይ በቆየበት አምስት ዓመት ደግሞ 900 ኩንታል። ይህ እንግዲህ 100 ሰው ብቻ ላለው አንድ ትንሽ ጭፍራ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ስንት ጭፍራ ነበር? ሰሌዳው ሞላ፣ ክፍሉም ዝም አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እንግዲያው ፈጪዎቹ ከተኳሾቹ ይበዛሉ ማለት ነዋ» አለችኝ። እኔ በዓመታት ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረችው።

የኛ አገር ጦር ድሮም እንዲህ ነበር። የመንግሥት ስንቅ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረውም። ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፣ ሚስቱ ወይም እህቱ ድስትና ወፍጮ ይዛ ትከተለዋለች፣ ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ የሚያልፍበትን አገር ይበላል። በአድዋ እንኳን፣ በየካቲት 1888፣ የአጼ ምኒልክ ሠራዊት ስንቅ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። ውጊያው ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ረሃቡ ራሱ ይበትነው ነበር። ስለዚህ በኛ ታሪክ ጦርነት ማለት ሁለት ሰዎች የሚገናኙበት ነገር ነው፦ የተራበ ታጣቂና ጎተራ ያላት እናት። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ነው ትልቁ ጥያቄ።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ወጥተዋል። ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ነቀምት፣ ያኔ ለቀምት የምትባለው፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የመጡ ወጣት ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች መሰብሰቢያ ሆነች። «ጥቁር አንበሳ» የተባለው ማኅበር የተቋቋመው እዚሁ ነው። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ፣ እንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ይልማ ዴሬሳ ነበሩበት። በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ስንዱ ገብሩም ከነሱ ጋር ነበሩ፣ ተይዘውም ጣሊያን አገር ታስረዋል።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች እዚሁ አጠገባችን ቦነያ አረፉ። ጄኔራል ማሊዮኮና ሌሎች ከፍተኛ መኮንኖች ነበሩባቸው። የመጡት ምዕራቡን ያለ ጦርነት ለመረከብ ነው። በዚያች ሌሊት ጥቁር አንበሶች አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ ከመጡትም አብዛኞቹ ተገደሉ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተኩስ ስላለበት ይነገራል።

የማይነገረው ሌላ ነገር አለ። ጥቁር አንበሳ አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው። ከነዚያ አንቀጾች አንዱ ገበሬውን ማንገላታት ይከለክላል። እኔ ይህን አንቀጽ ተማሪ እያለሁ ሳነበው የደግነት ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው የስንቅ አንቀጽ ነው። እነዚያ ወጣቶች የገባቸው ነገር አለ፦ መጋዘን የሌለው ጦር መጋዘኑ የገበሬው ልብ ነው። ገበሬው ከጠላህ ጥይት ቢኖርህም ትራባለህ።

ደግሞ ጥላቻው ያለ ምክንያት አልነበረም። በምዕራቡም በደቡቡም ያለው ገበሬ ከጣሊያን በፊትም ብዙ የበላው ጠመንጃ ያዥ ነበር። ገባር ሆኖ እህሉን ሲሰፍር፣ ማሩን ሲያቀርብ፣ ለሹም ሲፈጭ የኖረ ሰው ነው። ከማይጨው በኋላ ደግሞ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ እየቀማ አለፈ። እንዲህ ያለው ሰው በሩ ላይ ሌላ ታጣቂ ቆሞ «አገር ልናድን ነው፣ እህል አምጣ» ሲለው ምን ይሰማዋል? ጥቁር አንበሶች በራስ እምሩ እየተመሩ ወደ ሸዋ ሲያመሩ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ፣ በመንገዳቸው ያገኙት ሕዝብ ሁሉ ወዳጅ አልሆነላቸውም። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ደንባቸው ጥሩ ነበር። ግን የሌሎች ዕዳ የቆየ ስለነበር በእነሱ ላይ ተቆጠረ።

አሁን ስለ አኮዬ ልንገራችሁ። አኮ በኛ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የአባቴ እናት ጣሊያን ሲገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከነቀምት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው ያደጉት። ማታ ማታ እሳት ዳር ሲያወሩን የጦርነቱን ነገር ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከእናታቸው ወፍጮ ነበር። ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ቅድመ አያቴ የጫካ ሰዎች ለሚሏቸው ስንቅ ታዘጋጅ ነበር። በሌሊት መፍጨት ቀላል ነገር አይደለም። የወፍጮ ድምፅ በሌሊት ሩቅ ይሰማል፣ ጎረቤት «ማን ሊመጣባት ነው?» ይላል። ስለዚህ ዝናብ ትጠብቃለች። የወለጋን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ሰማዩ ሲወርድ ጎንህ ያለውን ሰው አትሰማም። እሷ የምትፈጨው ያኔ ነው። ቆላ ብላ መፍጨቱስ? የገብስ ቆሎ ሽታ ሰው ይጠራል። ለሽታው ደግሞ ምክንያት ነበራት፦ «አራስ ልጠይቅ ነው።» አኮዬ እየሳቁ «በዚያ ክረምት እናቴ የጠየቀቻቸው አራሶች ቢቆጠሩ አገሩን በሕፃን ይሞሉት ነበር» ይሉን ነበር።

ማጓጓዙ የባሰ ነው። በሶው ስልቻ ውስጥ ይገባል፣ ስልቻው ቅርጫት ሥር ይገባል፣ ከላዩ እበት ይሞላበታል። እበት ወደ ማሳ የምትወስድ ሴት ማን ያስቆማታል? አንድ ቀን አስቁመዋት ነበር አሉ። የጣሊያን ሎሌ የሆነ የአገር ሰው በዱላው ጫፍ እበቱን ነካ ነካ አደረገና አፍንጫውን ይዞ አሳለፋት። አኮዬ በዚያን ቀን ከእናታቸው ኋላ ነበሩ። የእሳቸው ሥራ አለማልቀስ ነበር። በሰባት ዓመት ልጅ ላይ የተጣለ ሥራ ይኸው ነው፦ አለማልቀስ፣ «ማን መጣ?» ሲባል «ማንም» ማለት።

የስንቁ ዓይነት ራሱ ዕውቀት ነው። በሶ ለምን? እሳት ስለማይፈልግ። ጫካ ውስጥ ጭስ ከታየ አውሮፕላን ይመጣል፣ ባንዳም ይመጣል። በሶ ግን ውሃና ጨው ካለ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ጭኮ ደግሞ በሶው በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል፣ ትንሿ ጉርሻ ቀኑን ሙሉ ትይዛለች። ቡና በቅቤ ተቆልቶ የሚበላውም የመንገደኛ ስንቅ ነው፣ እንቅልፍም ረሃብም ያባርራል። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ቆሎ። አንጮቴን አትርሱ። እህል ጎተራ ውስጥ ሲሆን ወራሪ ይቆጥረዋል፣ ያቃጥለዋል። መሬት ሥር ያለ ሥራ ሥር ግን የሚያውቀው የተከለው ሰው ብቻ ነው። ፋብሪካ የለም፣ ቆርቆሮ ምግብ የለም። ሴቶች ከእናት ወደ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩት የመንገደኛ ምግብ ነው አምስት ዓመት ሙሉ ያዋጋው።

ግን ቅድመ አያቴን ጀግና አድርጌ ብቻ ብጽፋት አኮዬ ከመቃብራቸው ይቆጡኛል። እውነቱን እንዳለ ነው የሚወዱት። ለሁሉም አልሰጠችም። አንድ ሌሊት የመጡት ሰዎች በሩን በእርግጫ ነው የከፈቱት። «የአገር ልጅ ነን፣ አውጪ» አሏት። ባዶ ጎተራ አሳይታ ሸኘቻቸው። ሌላ ሌሊት የመጡት ደግሞ ደጅ ቆሙ። አንዱ «እናቴ፣ ካለሽ ስጪን፣ ከሌለሽ ውሃ ስጪንና እንሂድ» አላት። ለነሱ ከመሬት ሥር የቀበረችውን አወጣች። በኋላ ስትጠየቅ «ለጠየቀኝ ሰጠሁ፣ ከቀማኝ ደበቅሁ» ነው ያለችው። ጥቁር አንበሶች በወረቀት ላይ የጻፉትን አንቀጽ እሷ በጎተራዋ ትፈርድበት ነበር። ማንበብ አትችልም ነበር እኮ።

ዋጋውን ደግሞ ከፈለች። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አይታወቅም። መጥተው ጎተራውን ከነእህሉ አቃጠሉት። አኮዬ እስኪሞቱ ድረስ ያረረ ቆሎ ሲሸታቸው ከቤት ይወጡ ነበር፣ እኛ ልጆች ምክንያቱን ሳናውቅ እንስቅ ነበር። በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድማቸው ሞተ። ገና መሄድ የጀመረ ልጅ ነበር። በረሃብ ይሁን በበሽታ አኮዬም አያውቁም ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ ደፍሮ «ያ ሁሉ ስልቻ ቤት ቢቀር ኖሮስ?» አላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እናቴን አትክሰስብኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ይህን ስጽፍ እጄ ከበድ ይለኛል። ስንቅ መስጠት ስንል ከተረፈ እህል ላይ መቀነስ የሚመስለን አለን። አልተረፈም እኮ! ለጫካ የሄደው እያንዳንዱ ጭብጥ ከአንድ ልጅ አፍ የወጣ ነው። ታጣቂው ቢሞት ስሙ ይነሳል፣ ሙሾ ይወርድለታል። ያ ሕፃን ግን በየትኛው ጦርነት ሞተ ተብሎ ይቆጠራል?

በከተማም የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ገጠሩ እህል አለው፣ ግን ጨው፣ መድኃኒት፣ ጨርቅና ጥይት ከከተማ ነው የሚወጣው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን አስቡ። አዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች መድኃኒት፣ ልብስ፣ ጥይትና ወሬ ይልኩ ነበር። ተይዘው ተገረፉ፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተወስደው ታሰሩ። ሲመለሱ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። አልተቀመጡም፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። ስማቸው የተረፈው የከተማ ሰው፣ የታወቀ ቤተሰብ ልጅ ስለነበሩ ነው። በየገበያው የጨው ቋጠሮ ያቀበሉት ሴቶች ስም ግን ከነሱ ጋር ተቀበረ።

ጠላት ይህን ሁሉ ከኛ በተሻለ ያውቅ ነበር፣ ለዚህም ነው ዱላው የሚያርፈው ስንቅና መጠለያ ሰጪው ላይ። ከየካቲት 12 በኋላ ግንቦት 1929 ደብረ ሊባኖስ ላይ የተደረገውን ታውቃላችሁ። አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምን አስጠግታችኋል በሚል ነው ገዳሙ የተወነጀለው። ግንቦት 13 ቀን ብቻ፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው በጻፉት ቁጥር፣ 297 መነኮሳት ተረሸኑ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ጠቅላላ የሞተው ከዚያ ብዙ እጥፍ እንደሆነ ያሳያሉ። እንግዳ መቀበል የገዳም ሥራ ነው። ያንን ሥራ ወንጀል አደረጉት።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያመኝ ግን የዘረት ዋሻ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ሚያዝያ 1931 የራስ አበበ አረጋይ ጦር ስንቅ ተሸካሚዎች፣ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከጣሊያን ጦር ሸሽተው ዋሻው ውስጥ ገቡ። ልብ በሉ፣ ዋናው ተዋጊ ጦር አይደለም፣ የስንቁ ጓዝ ነው። ጣሊያኖች ዋሻው ውስጥ መርዝ ጋዝ ለቀቁባቸው። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት ውስጥ 800 የሚሆኑ ወንዶችን ገደል አፋፍ ላይ አሰልፈው ረሸኑ። ነገሩ ለዓለም በደንብ የተሰማው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የራሳቸውን የጦር ሰነድ አገላብጦ ዋሻው ድረስ ሲመጣ ነው። በ1931 ለጣሊያን ጄኔራሎች ግልጽ የነበረው ነገር ለኛ ለልጆቻቸው ልጆች ገና አልገባንም፦ ስንቅ የያዘው ሰው ከተገደለ ጠመንጃ የያዘው ብዙ አይቆይም።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። በዚያው የዓለም ጦርነት ዘመን ሆላንድ ውስጥ ምግብ በካርድ ነበር የሚታደለው። ስለዚህ እዚያ የተደበቀ ሰው ለመመገብ እህል ሳይሆን ወረቀት መስረቅ ያስፈልግ ነበር። የውስጥ ታጋዮቻቸው የካርድ ማደያ ቢሮዎችን ሰብረው እየገቡ ካርድ ይዘርፉ ነበር። የኛ ሴቶች ከወፍጮና ከጎረቤት ጆሮ ጋር ሲታገሉ የእነሱ ከማኅተምና ከመዝገብ ጋር ይታገሉ ነበር።

የሚገርመው ግን ጣሊያን አገር የሆነው ነው። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ጀርመኖች ጣሊያንን ሲይዙ ከእስር ካምፕ ያመለጡ በሺህ የሚቆጠሩ የውጭ እስረኞች በየተራራው ተደበቁ። ማን አበላቸው? የጣሊያን ገበሬዎች። ድሃ፣ ማንበብ የማይችሉ ብዙ እናቶች ዳቦና የደረት ፍሬ በሌሊት እያቀበሉ፣ ከተያዙ ቤታቸው እንደሚቃጠል እያወቁ። የኛው ወለጌ፣ የነጆው ልጅ አብዲሳ አጋ፣ ከእስር አምልጦ የተዋጋው በዚያ አገር ተራሮች ላይ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ይህን ነው፦ አገሩ ላይ እናቱ ለጫካ ሰዎች የምትፈጭ ዓይነት ልጅ፣ በወራሪዎቹ አገር የሌላ እናት ዳቦ በልቶ ይሆናል። ወንዶቹ ሲጋደሉ የሁለቱም አገር እናቶች አንድ ዓይነት ሥራ ይሠሩ ነበር።

ከድሉ በኋላስ? በወለጋ ጦርነቱ በይፋ የተዘጋው ሰኔ 26 ቀን 1933 ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ ላይ፣ ለቤልጂየም ኮንጎ ጦር እጁን ሲሰጥ ነው። ከዚያ ሜዳልያ መጣ፣ ምስክር ወረቀት መጣ፣ መሬትም ሹመትም መጣ። ለማግኘት ምስክር ያስፈልጋል፦ የት ተዋጋህ? አለቃህ ማን ነበር? ስንት ጥይት ተኮስህ? ቅድመ አያቴ ብትሄድ ምን ልትል ነው? አለቃዬ ዝናብ ነበር ልትል ነው? ምስጢሩን የጠበቀችበት ጥበብ ራሱ ምስክር አሳጣት። ጥሩ የደበቀ ሰው ማንም አያየውም፣ ማንም ያላየው ሰው ደግሞ አይሸለምም። በአንጻሩ ለጣሊያን ያደሩ ስንቶቹ ተመልሰው ወንበር ላይ እንደወጡ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ተማሪዎቼ፣ ይህን የምጽፈው «ሴቶችም ነበሩ» ብዬ አንድ መስመር ለማስጨመር አይደለም። ያ በየመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለ ነገር ነው፣ «ሴቶችም ስንቅ በማቀበል ድርሻቸውን ተወጥተዋል» የሚለው። ፈተና ላይ እንኳን አይወጣም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስንቁ የጦርነቱ ዳር አይደለም፣ መሐሉ ነው። ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ ሕዝቡ ማንን እንዳመነ፣ ማንን እንደፈራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጎተራው የተከፈተው ለማን እንደሆነ ጠይቁ። ጠመንጃ በፉከራ ይዋሻል። ጎተራ ግን አይዋሽም።

ደግሞ ታጣቂ ሁሉ እኔ ለሕዝብ ነው የቆምኩት ይላል። ሕዝቡ ግን የሚያየው በሩ እንዴት እንደተንኳኳ ነው። ቀን አንዱ መጥቶ «ለነዚያ ሰጥተሻል» ይላል፣ ሌሊት ሌላው መጥቶ «ለኛ አልሰጠሽም» ይላል። መሐል ያለችው እናት አንድ ናት፣ ጎተራዋም አንድ ነው። ይህ የ1929 ታሪክ ነው። በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን የምትኖሩ ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ልባችሁ ወዴት እንደሄደ አውቃለሁ። የኔም ሄዷል። ማንንም ለመክሰስ አልጻፍኩትም፣ ኮሜንት ላይም እንዳትካሰሱበት እለምናችኋለሁ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺን እናት ለምን ሰጠሽ ወይም ለምን አልሰጠሽም ብሎ የሚቀጣ ሁሉ፣ ቀኑ ሲያልፍ ታሪክ የት እንደሚያስቀምጠው የደብረ ሊባኖስንና የዘረትን ታሪክ ያንብብ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ መምህርነት አይለቅም መቼም። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ካሉ 90 ያለፋቸው ናቸው። በየቤቱ ጥግ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አሉ። ብዙ ጊዜ የለንም። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ግን «አርበኛ ነበራችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ኧረ እኛ ምን አድርገን» ይሏችኋል። «በዚያ ዘመን እናትሽ ምን ትፈጭ ነበር? ለማን? መቼ መቼ? ለጎረቤት ምን ትል ነበር? ቤት ውስጥ ማን ተራበ?» በሉ። በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በሚቀላቸው ቋንቋ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ስም መጥራት ካልፈለጉ አታስገድዷቸው። ምስጢር ጠብቀው የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ልማዳቸው ነው።

ወንዶች ልጆች ደግሞ ይህን የሴቶች ሥራ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ስልቻውን የተሸከሙ አባቶች አሉ፣ አህያ የነዱ እረኞች አሉ፣ ከተያዙ በኋላ ስም ሳይጠሩ የሞቱ አሉ።

ያገኛችሁትን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እኔ በደብተር እየጻፍኩ ነው፣ እስካሁን ሁለት ደብተር ሞልቷል። መጽሐፍ ይሆናል ብዬ አልኩራራም። ግን የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቼ ያንን የሒሳብ ሰሌዳ ሲሞሉ፣ ከ900 ኩንታሉ ጎን የፈጪዎቹን ስም መጻፍ እፈልጋለሁ። አንድ ስም ብትልኩልኝ እንኳን ለአንድ ኩንታል ይበቃል።

 

ከቡርቃ ጃቶ፣ ነቀምት